97.9 በመቶ «እሺ»

የኢትዮጵያ ሕዝብ ስለ ኮሮና ክትባት ምን ያስብ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቶሎ የሚያገኘው መልስ አንድ ቁጥር ነው፦ 97.9 በመቶ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ወረርሽኙ በገባ በመጀመሪያው ዓመት በስድስት የአፍሪካ አገሮች ስልክ እየደወሉ፣ ክትባቱ ቢመጣ ትከተባላችሁ ወይ ሲሉ ጠየቁ። ከኢትዮጵያ የተገኘው የ«አዎ» መጠን ይሄ ነው። ማሊ 64.5 ላይ ቀረች። የአፍሪካ የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል በ15 አገሮች ባስጠናው ሌላ ጥናትም ኢትዮጵያ 94 አመጣች፣ ኮንጎ ኪንሻሳ 59። በሁለቱም ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ወጥተናል።

እኔ ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝ። አንድ ቴስት 97.9 በመቶ አለፈ ከተባልኩ፣ ደስ ከማለቴ በፊት ቴስቱን ራሱን ነው ከፍቼ የማየው። የማላውቀው ሰው ከማላውቀው ቁጥር ደውሎ፣ ጨዋ በሆነ አማርኛ፣ ገና አገር ውስጥ ስላልገባ ነገር «ቢመጣ ትወስዳለህ?» ቢለኝ ምን እላለሁ? እሺ ነዋ። እኛ አገር «እሺ» ሁለት ቃል ነው። አንደኛው «ይሁን፣ ተስማምቻለሁ» ነው። ሁለተኛው «ሰምቼሃለሁ፣ አሁን በሰላም ሂድልኝ» ነው። ቧንቧ ሠራተኛው «እሺ ነገ እመጣለሁ» ሲል የትኛውን እንደተጠቀመ ማንም አይጠፋውም። የስልክ ጥናት ግን ሁለቱን የሚለይበት ሳጥን የለውም።

በዚያ ላይ ስልክ የሚደወለው ስልክ ላለው ቤተሰብ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን አልደበቁም፤ በስሌት ሊያካክሱትም ሞክረዋል። ቢሆንም ያደግኩት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው፣ በኋላም ለሥራ ሰመራ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀምጫለሁ፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው ከ350 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ግራና ቀኝ ግመል ይዞ የሚሄደውን ሰው የትኛው ስሌት እንደሚተካው አላውቅም።

ስለዚህ ሕዝቡ ምን አሰበ የሚለውን ለጊዜው ላቆየውና ሕዝቡ ምን ተባለ የሚለውን ላንብብ። እንደዚህ ዓይነት መጽሔት ላይ ልቦለድ ይገመገማል፣ ግጥም ይገመገማል። በ2012 እና በ2013 ግን ከየትኛውም ልቦለድ በላይ ብዙ ሰው የሰማቸው ጽሑፎች ነበሩ፤ የስልኩ መልእክት፣ ዕለታዊው መግለጫ፣ አዋጁ። ማንም እንደ ጽሑፍ አላነበባቸውም።

ከስልኩ ልጀምር። ታስታውሱ እንደሆነ ኢትዮ ቴሌኮም የመደወያውን ድምፅ በኮሮና መልእክት ተክቶት ነበር። እናታችሁ ጋ ስትደውሉ እጃችሁን ታጠቡ፣ ርቀታችሁን ጠብቁ የሚል ድምፅ ይቀድማል። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ሬዲዮ የሌለው፣ ቴሌቪዥን የማያይ ሰው ሁሉ ይደውላል። እንደ ጽሑፍ ስታዩት ግን ከመወለዱ ጀምሮ ችግር ያለበት ነገር ነው። የፈለጋችሁት ሰው ስልኩን ሲያነሳ ይቋረጣል። ማለትም እውነተኛው ወሬ ሲጀምር የሚያልቅ፣ ሰሚው ሁሉ «ምነው ባለቀ» ብሎ የሚጠብቀው መልእክት ነው። ተናጋሪው ስም የለውም፣ የሚናገርበት ቦታ የለውም፣ መልስም አይቀበልም። «ውኃ የለንም እኮ» ብሎ የሚመልስለት ሰው ቢኖር ማን ይሰማዋል? ሰመራ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ ውኃ በጄሪካን የሚገዛበት ሰፈር ሞልቷል።

ዕለታዊው መግለጫ ታሪኩ የተለየ ነው፣ እኔም ከሁሉም በላይ የማደንቀው እሱን ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማለቴ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው ታማሚ ሲነገረን የተነገረን ቁጥር «1» አልነበረም። የ48 ዓመት ጃፓናዊ፣ ከቡርኪናፋሶ የመጣ። ከዚያ በኋላም ለጥቂት ጊዜ እያንዳንዱ ሰው እንዲህ ነበር የሚመጣው፤ ዕድሜው፣ ዜግነቱ፣ ከየት እንደተነሳ፣ ከማን ጋር ንክኪ እንደነበረው። የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ በገጻቸው ሲለጥፉት ሰው ተሰብስቦ ያነበው ነበር። አጭር ልቦለድ አይደለም፣ ግን ባለ ታሪክ አለው፣ መንገድ አለው። ታማሚው ሲበዛ መግለጫው ሠንጠረዥ ሆነ፦ የላቦራቶሪ ምርመራ ይህን ያህል፣ በቫይረሱ የተያዙ ይህን ያህል፣ ያገገሙ፣ ሕይወታቸው ያለፈ። ይሄ ሊቀር የማይችል ለውጥ ነበር፣ በቀን አንድ ሺህ ሰው በታሪክ አይነገርም። ብቻ ሠንጠረዡ በመጣ በጥቂት ወር ውስጥ ሰው ማንበብ አቆመ። አንባቢው ደነዘዘ ተባለ። እኔ ግን ጽሑፉ ዓይነቱን ቀየረ እላለሁ። ዜና ሆኖ የጀመረው ሒሳብ መዝገብ ሆነ፣ የሒሳብ መዝገብ ደግሞ ባለቤቱ ካልሆነ ማንም ቁጭ ብሎ አያነብም።

እዚህ ጋ ዳጉን ማምጣት አለብኝ።

ዳጉ የአፋር የዜና ሥርዓት ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ቁጭ ይላሉ። ከየት መጣህ፣ ማንን አየህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ ከብቱስ፣ የታመመ አለ ወይ፣ እንግዳ ሰው አልፏል ወይ። ተጠያቂው በዓይኑ ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ ከማን እንደሰማም ይናገራል። ከዚያ ተራው ይገለበጣል። መዋሸት ወይም የሚያውቁትን መደበቅ ነውር ነው፣ ሊያስጠይቅም ይችላል፤ ምክንያቱም ሌላው ሰው ልጆቹንና ከብቱን ይዞ የሚንቀሳቀሰው በሰማው ነገር ነው። በሙያዬ ቋንቋ ብናገር፣ ምንጩ የተጻፈበት፣ መድረሱ የሚረጋገጥበት፣ በሁለት አቅጣጫ የሚሄድ ፕሮቶኮል ነው። የስልኩ መልእክት ከዚህ ውስጥ አንዱንም አያሟላም።

አሁን አዋጁን አስቡት። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 መጋቢት 30 ታወጀ፣ የማስፈጸሚያ ደንቡም ተከተለ። በእጅ መጨባበጥ ተከለከለ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ከጤና አንጻር ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በዚያ ሰዓት ክትባትም መድኃኒትም የለም፣ ያለው ርቀት ብቻ ነው። ግን ለአፋር ሰው የተከለከለው ሰላምታ ብቻ አልነበረም። ዜና የሚሄድበት መስመርም አብሮ ተከለከለ፣ በምትኩም የመደወያ ድምፅ ተሰጠው። በዚያ ወቅት የባለሥልጣናቱ ተወዳጅ ቃል ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? «ግንዛቤ ማስጨበጥ»። መጨባበጥ በተከለከለበት ዘመን ዋናው ሥራ ማስጨበጥ ነበር። አማርኛ አንዳንዴ እንዲህ ያሾፍብናል።

ቃል ካነሳን፣ «ክትባት» ራሱ ከተበ ከሚለው የመጣ ነው፤ መጻፍ ማለት ነው። ክታብም ከዚያው ነው። ሰው አንገቱ ላይ የሚያስረው ክታብና ክንዱ ላይ የሚወጋው ክትባት አንድ ሥር አላቸው፤ ሁለቱም የሚያስፈልጋቸው የሚታመን ጸሐፊ ነው። «ለይቶ ማቆያ» የሚለውን ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያዊ በ2012 ነው የለመደው። አፋር ውስጥ ግን «ኳራንቲን» የታወቀ ቃል ነበር፤ ሚሌ መንገድ ላይ ለውጭ ገበያ የሚወጡ ከብቶች የሚቆዩበት ጣቢያ አለ። ከጅቡቲ ተመላሾች ሰመራ ላይ እንዲቆዩ ሲደረግ አንዳንዱ ሰው ነገሩን የተረዳው በዚያ በኩል ነው። ስድብ ይመስላል፣ ግን ትክክለኛ ግንዛቤ ነበር። ጤነኛ መሆኑ እስኪታይ ይቆያል፣ ከዚያ ይሄዳል።

የጅቡቲ ነገር ለእነዚህ ከተሞች ቀልድ አልነበረም። በሚያዝያ 2012 ጅቡቲ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር በአፍሪካ ከፍተኛ የተያዥ ቁጥር ካለባቸው ነበረች፤ የአገራችን የገቢ ዕቃ አብዛኛው ደግሞ በጋላፊ በኩል አድርጎ በሎግያ፣ በሚሌ፣ በአዋሽ ነው የሚያልፈው። መንገዱን መዝጋት አይቻልም፤ ማዳበሪያውም ነዳጁም የሚመጣው በዚያ ነው። እናም አገሪቱ ሁሉ ቤት ተቀመጡ ስትባል ሾፌሩ ንዳ ይባል ነበር። ለከተሞቹ ሰው ሾፌር እንጀራው ነው፤ ሻይ ቤቱ፣ አልጋው፣ ጎሚስታው በእሱ ነው የሚኖረው። በአንድ ወር ውስጥ ያው ሰው በሽታ ተደርጎ ታየ። ሰፈራችን ያለች አንዲት ምግብ ቤት ያላት ሴትዮ ሾፌሮቹን ከቤት ውጭ ዛፍ ሥር ታበላቸው ነበር። አላባረረቻቸውም፣ አላስገባቻቸውምም። ስለ መንግሥት ርምጃ የሕዝብ አስተያየት የሚባለውን ነገር ሳስብ ትዝ የሚለኝ የእሷ ወንበር ነው፤ ከበሩ አምስት ሜትር ርቆ የተቀመጠ።

ክትባቱ የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም ገባ። 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ አስትራዜኔካ፣ ሕንድ የተመረተ፣ በኮቫክስ በኩል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ። 97.9ኙ እውነተኛ እሺ ቢሆን እንኳ ክንዱን የሚዘረጋበት መርፌ አልነበረም። መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ ክትባቱ ተጀመረ። በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ያንኑ ክትባት በደም መርጋት ሥጋት ለጊዜው አቆሙት። በዚያው ሳምንት የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል አለ፣ አገሮቹም ቀጠሉ። የመጀመሪያው ዜና አዋሽ ሻይ ቤት በሰዓታት ውስጥ ደርሷል። ሁለተኛው መድረሱን እጠራጠራለሁ። ከዚያ ሕንድ የራሷ ወረርሽኝ ሲብስባት ወደ ውጭ መላኩን ገታች፣ ሁለተኛውን ዶዝ የሚጠብቅ ሰው ቆሞ ቀረ። ፌስቡክ ላይ ይሄን ጊዜ የሚጻፈው «ሕዝባችን ስላልተማረ ክትባት ፈራ» የሚል ነበር። ፓሪስ የፈራችውን ሎግያ ብትፈራ ኋላ ቀርነት ይባላል።

ይሄን «አልተማረም» የሚል ትችት የሚያፈርስ አንድ ታሪክ አለ፤ እንዴት ትምህርት ቤት እንዳላስተማሩን ይገርመኛል።

ደስታ የሚባል የከብት በሽታ ነበር። በእርግጥ ስሙ ነው፤ አባቶቻችን ክፉን ነገር በደግ ስም መጥራት ይወዳሉ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሪቱን ከብት ፈጀ፣ በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አቃተው፣ ክፉ ቀን የምንለው ረኀብ መጣ። ከዚያ በኋላ በሽታው መቶ ዓመት አብሮን ኖረ። ክትባት ተገኘለት፣ የመንግሥት ቡድኖች ዓመት በዓመት ከተቡ፣ ሆኖም ከአፋር ቆላ ሊወጣ አልቻለም። መኪና አይገባም፣ ክትባቱ በረዶ ይፈልጋል፣ አርብቶ አደሩ ቡድኑ በመጣበት ቀን ቦታው ላይ የለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1994 አካሄዱ ተቀየረ። ሙቀት የሚችል፣ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት መጥቶ ነበር፤ ሃያ ገደማ የአፋር አርብቶ አደሮች ሠልጥነው ራሳቸው እየተዘዋወሩ ከተቡ። ከ70 ሺህ በላይ ከብት። የተሳካው መጠን የመንግሥት ቡድኖች ያገኙት ከነበረው የበለጠ ነበር። ከ1995 በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ ደስታ አልታየም። በ2011 ዓለም ከበሽታው ነጻ መሆኗ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው፤ ከመጨረሻዎቹ ምሽጎቹ አንዱን የሰበሩት እግራቸው ላይ ሸበጥ ያደረጉ የአፋር ከታቢዎች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ክትባት ምን እንደሆነ አያውቁም?

ልዩነቱን አልክድም። የደስታ በሽታ ከብቱን ፊታችሁ ይጥለዋል፣ ኮሮና ግን ወጣት በሚበዛበትና ሜዳ ላይ በሚኖር ሕዝብ ውስጥ ተሸሽጎ ያልፋል። ፍየል መከተብና ልጅ ማስከተብም አንድ አይደለም። ሰመራ እያለሁ አንድ የግመል ወተት ለመሸጥ የሚመጡ አዛውንት ነበሩ፤ ደንበኛዬ ስለነበሩ ቁጭ ብለን እንጫወታለን። «አባባ ተከትበዋል?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ ፍየሎቻቸውን የሚከትበው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደሚያድር፣ ፍየል ከሞተባቸው የት ሄደው እንደሚይዙት ነገሩኝ። ሰው ሊከትብ የመጣው ግን ከመኪናው ሳይርቅ ተመለሰ አሉ። መልሳቸው ይሄው ነበር። እምቢም እሺም አላሉም።

የዚያን ጊዜ የምሠራበት ድርጅት (ስሙ ይቆይ) በየቀበሌው ሰው የሚመዘግብ ቅጽ ነበረው፣ የእኔ ድርሻ ያንን ቅጽ ታብሌት ላይ ማስኬድ ነው። «ለምን አልተከተቡም?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። ምርጫዎቹ፦ ጉዳቱን ስለምፈራ፣ ስለማላምንበት፣ ሃይማኖቴ ስለማይፈቅድ፣ ሌላ። «ማንም ስላልመጣ» የሚል የለም። ይጨመር ብዬ ጻፍኩ፣ ቅጹ ጸድቋል ተባልኩ። መዝጋቢዎቹ በ«ሌላ» ሥር እየከፈቱ በእጃቸው ይጽፉ ጀመር፦ አልመጡም፣ ሩቅ ነው፣ አለቀ ተባልን፣ መንገድ ተዘጋ። ሪፖርቱ ሲወጣ «ሌላ» አንድ ቀጭን ግራጫ ቁራጭ ሆኖ ክቡ ሥዕል ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ የተቀረው ቦታ ለፍርሃትና ለእምነት ተሰጠ። ቅጹ ከመጀመሪያው የሚያውቀው አንድ ዓይነት ምክንያት ብቻ ነው፤ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለውን። መንገድ ላይ ያለውን አያውቅም።

ይሄ የኮሮና ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሙሉ በሙሉ ያገኙ ሕፃናት በአገር ደረጃ 39 በመቶ፣ አዲስ አበባ 89፣ አፋር 15 ነበሩ። ይሄ የሆነው ኮሮና ከመምጣቱ አራት ዓመት በፊት፣ አስትራዜኔካ የሚባል ስም ማንም ሳይሰማ፣ ስለ ቺፕ የሚያወራ ቪዲዮ ሳይኖር ነው። 15 በመቶን በፌስቡክ ወሬ ማብራራት አይቻልም።

ሁለተኛው ወገን ላይም ቅሬታ አለኝ፤ «መንግሥት ስላለው ነው» ብሎ ሁሉንም ነገር የሚጥለው ወገን ላይ። ከእሱም ከባዱን የሠራው መንግሥት ራሱ ነው። ወረርሽኙ በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ አገር በቀል መድኃኒት በምርምር ተስፋ ሰጪ ደረጃ ላይ ደረሰ የሚል የሚኒስቴር መግለጫ ወጥቶ፣ በማግሥቱ ሰው «መድኃኒቱ ተገኘ» ብሎ ተቃቀፈ። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ዋጋቸው ሰማይ ነካ። ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም ደግሞ በሽታው የፖለቲካ ቃል ሆነ፤ ከዚያ በኋላ «ኮሮና አለ» ማለት አንድ ወገን መያዝ የሚመስላቸው ነበሩ። አዋሽ ጫት ቤት ውስጥ የሰማሁት ክርክር አብዛኛው ስለ ቫይረስ አልነበረም። ስለ ምርጫ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ ወደ አፋር ገባ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም ጋሊኮማ ላይ የተጠለሉ ተፈናቃዮች ተገደሉ፣ ዱብቲ ሆስፒታል በቁስለኛ ተሞላ። አገር አቀፍ የክትባት ዘመቻው ኅዳር 7 ቀን 2014 ሲጀመር ውጊያው ጭፍራና ካሳጊታ ነበር፤ የሚሌ መንገድ ይቆረጣል አይቆረጥም የሚለው ነበር የሰመራ የቀን ተቀን ወሬ። በዚያ ሳምንት ሁለት ሰው ዳጉ ሲቀመጥ በሽታ ስንተኛ ተራ ላይ እንደሚመጣ መገመት አይከብድም። ከተማው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ እኔ ራሴ የተከተብኩት እዚያ ነው፣ ወረፋ አልነበረም። ከታቢዋ ልጅ ስሜን በካርዱ ላይ ስትጽፍ ከየት መጣህ አለችኝ። አዋሽ ስላት ብዕሩን አስቀምጣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ ያየሁትንም የሰማሁትንም ለይቼ ነገርኳት፣ እሷም ከዱብቲ የሰማችውን ነገረችኝ። መርፌው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የፍየል ከታቢዎቹ አሁንም ሥራ ላይ ናቸው። ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ በ2030 ከዓለም እንዲጠፋ ዕቅድ ተይዟል፣ አፋርም ውስጡ አለ።